ፕሮቶን የት ይቆማል? ከካንሰር ሕክምናው ጀርባ ስላለው ዲቴክተር

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ትልቅ ፖስታ በብብቱ ይዞ የሚሄድ ሰው ማየት የተለመደ ነው። ፖስታው ውስጥ የራጅ ወይም የሲቲ ስካን ፊልም አለ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ካንሰር በተነሳበት ወሬ ሁሉ «ፕሮቶን» የሚል ቃል ይገባል። «ሕንድ ሄዶ በፕሮቶን ይታከም ተባለ» ይላሉ። ለሕክምና ገንዘብ ሲሰበሰብም ስሙ ይነሳል።

የሚወራው በአብዛኛው «ጤነኛውን ሳይነካ ዕጢውን ብቻ ይመታል» የሚል ነው። ግማሽ እውነት ነው። ጨረሩ ዕጢው ላይ እንዲቆም መጀመሪያ የት እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሞቹ ይህን የሚያውቁት ከሥዕል ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ የሚነሳው በሌላ ዓይነት ጨረር ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ፕሮቶንን ራሱን ሥዕል አንሺ ለማድረግ ዲቴክተር የሚሠራውም ለዚህ ነው። ዲቴክተር ስል የማይታይ ጨረር ሲያልፍበት «አለፈ፣ በዚህ በኩል፣ ይህን ያህል ጉልበት ይዞ» ብሎ የሚመዘግብ መሣሪያ ማለቴ ነው።

ፕሮቶን ከተለመደው ጨረር በምን ይለያል?

ራጅም፣ ሲቲ ስካንም፣ አገራችን ውስጥ ያሉት የጨረር ሕክምና ማሽኖችም የሚጠቀሙት የብርሃን ዘመድ የሆነ ጨረር ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ዕጢው ጋ ይደርሳል፣ ያልፈዋል፣ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ስለዚህ ከዕጢው ፊትም ኋላም ያለው ጤነኛ አካል ድርሻውን ይቀምሳል። ሐኪሞቹ ይህን የሚያቻችሉት ከብዙ አቅጣጫ በመስጠት ነው፤ ሁሉም ጨረር የሚገናኘው ዕጢው ላይ ብቻ እንዲሆን።

ፕሮቶን ግን ቁስ ነው። የሃይድሮጅን አቶም እምብርት ማለት ነው፤ ክብደት አለው፣ ኤሌክትሪክ ቻርጅም አለው። ትልቅ ማሽን ውስጥ ተፋጥኖ ከብርሃን ፍጥነት ግማሹን በሚያልፍ ፍጥነት ይገባል። በዚህ ፍጥነት ሲሮጥ መንገድ ላይ የሚተወው ጉልበት ትንሽ ነው። እየዘገየ ሲመጣ የሚተወው ይጨምራል፣ ሊቆም ሲል ደግሞ የቀረውን ባንዴ ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ ነገር እምብዛም የለም። ይህ ጉልበት የሚራገፍበት ቦታ «የብራግ ጫፍ» ይባላል። ዊሊያም ሄንሪ ብራግ የተባለው ፊዚሲስት በ1900ዎቹ መጀመሪያ በአልፋ ጨረር ላይ ያገኘው ጠባይ ስለሆነ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚቆምበት ጥልቀት የሚወሰነው በያዘው ጉልበት ነው። ጉልበቱ የሚለካው በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። 100 የያዘ ፕሮቶን ውኃ ውስጥ ወደ 8 ሴንቲሜትር ይሄዳል። 200 የያዘው 26 ሴንቲሜትር ገደማ። 230 የያዘው 33 አካባቢ። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ቁጥሮቹ ከሰው ብዙም አይርቁም። ይህን ጠባይ ለሕክምና እንጠቀምበት ብሎ በ1946 የጻፈው አሜሪካዊው ሮበርት ዊልሰን ነው። የመጀመሪያው ታካሚ የታከመው በ1954 በርክሌይ ነው። ያኔ ሕክምናው የሚሰጠው በፊዚክስ ላቦራቶሪ ነበር። ለሆስፒታል ተብሎ የተሠራው ማዕከል ሎማ ሊንዳ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1990 ነው። ብዙ የአገራችን ሰው ስሙን የሚሰማው የሕንዱ ማዕከል፣ ቼናይ ያለው አፖሎ፣ የተከፈተው በ2019 ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

የሕክምናው ዕቅድ የሚወጣው በሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካን እያንዳንዷ የሰውነት ነጥብ ራጁን ምን ያህል እንዳዳከመችው በቁጥር ይናገራል። ለፕሮቶን ሕክምና የሚፈለገው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ያቺ ነጥብ ፕሮቶንን ምን ያህል ታዘገየዋለች? ይህ «የማስቆም አቅም» ይባላል። ከአንደኛው ቁጥር ወደ ሌላኛው የሚኬደው በመቀየሪያ ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዡ መጥፎ አይደለም። ግን ግምት አለበት። ለምሳሌ አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ራጅን አጥብቆ ይውጣል፣ ፕሮቶንን ግን በዚያው ልክ አያዘገይም። የጥርስ ሙሌትና ሌላ ብረት ደግሞ የሲቲ ሥዕሉን በጥቁርና በደማቅ መስመሮች ያበላሹታል፣ ከዚያ በኋላ በዙሪያው ያሉት ቁጥሮች አይታመኑም።

ብዙ ማዕከላት ለዚህ የሚይዙት መጠባበቂያ ከጥልቀቱ 3.5 በመቶ ገደማ ነው፣ በላዩ ላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ይጨምራሉ። ዕጢው 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ነው እንበል። 3.5 በመቶው ብቻ 7 ሚሊሜትር ነው። ጭማሪው ሲደመር ወደ 1 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ ጤነኛ አካል ነው፣ እያወቁ የሚመቱት። ከዓይን ነርቭ ወይም ከሕብለ ሰረሰር አጠገብ 1 ሴንቲሜትር ቀልድ አይደለም።

ይህ ብቻ አይደለም። ፕሮስቴትን ውሰዱ። ፕሮስቴት ከፊት ለፊት ቢመታ መንገዱ አጭር ነው። ግን ወዲያው ከኋላው ፊንጢጣ አለ፣ ፕሮቶኑ ከታሰበው ትንሽ ቢያልፍ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ በተለምዶ የሚመቱት ከጎን፣ በዳሌ አጥንት በኩል ነው፣ መንገዱ ረዘመም አልረዘመም። ገባችሁ አይደል? የፕሮቶን ትልቁ ጸጋ አንድ ቦታ ላይ መቆሙ ነው። ሐኪሞቹ ግን በትክክል የት እንደሚቆም ስለማይተማመኑ በዚህ ጸጋ በሙሉ ልብ አይጠቀሙበትም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ግዙፍ ማሽን ተገንብቶ፣ የሚይዘው ግምት የሆነ ሰንጠረዥ ሆነ።

ለምን በራሱ በፕሮቶን አይነሳም?

ሐሳቡ ይኸው ነው። ፕሮቶኑ ዕጢው ላይ እንዳይቆም ጉልበቱን ከፍ አድርጎ በሰውነቱ ውስጥ ማሳለፍ፣ ከዚያ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ መለካት።

አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወጥቶ ማዘጋጃ ቤት ደረሰ እንበል። ሲነሳ ስንት ሊትር ነዳጅ እንደነበረው ታውቃላችሁ። ሲደርስ የቀረውን ትለካላችሁ። ልዩነቱ መንገዱ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይነግራችኋል፣ መንገዱን ራሳችሁ ባታዩትም። ፕሮቶንም እንዲሁ ነው። 200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ የገባ ፕሮቶን 20 ሴንቲሜትር ውኃ አቋርጦ ሲወጣ የሚቀረው ከ90 ትንሽ ያነሰ ነው። ያጣው ጉልበት በመንገዱ ላይ ያለውን የማስቆም አቅም ድምር ይናገራል። ሰንጠረዥ የለም፣ መቀየሪያ የለም። የሚፈለገው ቁጥር በቀጥታ ይለካል።

ይህን ከብዙ አቅጣጫ ደጋግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው፣ የሰውነቱ ካርታ ይወጣል። የፕሮቶን ሲቲ ማለት ይኸው ነው። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሆን የፕሮቶን ራዲዮግራፊ ይባላል፣ እኛ ራጅ የምንለው ነገር በፕሮቶን ሲሆን ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆሃንስበርግ የተወለደው አለን ኮርማክ በ1956 ኬፕታውን ውስጥ ግሩት ስኩር ሆስፒታል ሲሠራ ነው በሰውነት ውስጥ ያለፈ ጨረርን በሒሳብ ወደ ሥዕል ስለመቀየር ማሰብ የጀመረው። በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ፕሮቶንም ለዚህ ሊያገለግል እንደሚችል አንስቷል። በ1979 ከጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ጋር ስለ ሲቲ ስካን የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚህ ሥራ በራጅ የሚሠራው ዓለምን ሲሞላ፣ በፕሮቶን የሚሠራው ግን ቁጭ ብሎ ቀረ። ምክንያቱ ዲቴክተሩ ነው።

ዲቴክተሩ ምን ላይ ከበደ?

ራጅ በመሠረቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፕሮቶን ግን ቻርጅ ስላለው በየአቶሙ አጠገብ ሲያልፍ ትንሽ ትንሽ ይገፈተራል። እያንዳንዱ ግፍተራ ኢምንት ነው፣ ሲደመር ግን መንገዱ ይጣመማል። ወደ ታክሲያችን ስንመለስ፣ ሾፌሩ ዋናውን ጎዳና ይዞ አልወጣም፣ መጨናነቅ እየሸሸ በየቅያሱ ገብቷል። የነዳጁን ልዩነት ብቻ ይዛችሁ የትኛው መንገድ ከባድ እንደነበር ብትሉ ሥዕሉ ይደበዝዛል። የመጀመሪያዎቹ የፕሮቶን ሥዕሎች ችግር ይሄ ነበር።

መፍትሔው እያንዳንዱን ፕሮቶን ለብቻው መከታተል ነው። በየት እንደገባ፣ በምን አቅጣጫ እንደገባ፣ በየት እንደወጣ፣ በምን አቅጣጫ እንደወጣ። አራቱ ከታወቁ ኮምፒውተሩ «በውስጥ የሄደበት መንገድ ይሄ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የተጣመመ መስመር ይስላል። እርግጠኛ መንገድ አይደለም፣ ከሁሉ የሚመስለው መንገድ ነው። ሥዕሉን ለማጥራት ግን ይበቃል።

ስለዚህ ዲቴክተሩ ሁለት ሥራ አለው። መንገድ መመዝገብና የቀረ ጉልበት መለካት።

መንገድ የሚመዘግበው ክፍል ብዙ ጊዜ ከሲሊኮን ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ቺፕ ከሚሠራበት ነገር። ከግማሽ ሚሊሜትር የሚቀጥን ሳህን ነው፣ ላዩ ላይ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ተሰምረዋል። ሎማ ሊንዳ እና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ አብረው በሠሩት ናሙና መሣሪያ ላይ ከመስመር እስከ መስመር ያለው ርቀት 0.228 ሚሊሜትር ነው። ፕሮቶን ሳህኑን ሰንጥቆ ሲያልፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ይነቅላል። እነሱ በኤሌክትሪክ ግፊት በአቅራቢያቸው ወዳለው መስመር ይሮጣሉ፣ መስመሩ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይሰማል። የትኛው መስመር እንደመታ ታወቀ ማለት ፕሮቶኑ በየት እንዳለፈ ታወቀ ማለት ነው። አንዱ ሳህን መስመሩ ቁም፣ ሌላው አግድም ነው። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ሁለት ከታካሚው በፊት፣ ሁለት ከታካሚው በኋላ ይቆማሉ። ሁለት ሁለት የሆኑት አቅጣጫ ለማወቅ ሁለት ነጥብ ስለሚያስፈልግ ነው።

ጉልበት የሚለካው ክፍል ከሁሉ በኋላ ይመጣል። እዚያው መሣሪያ ላይ አምስት የፕላስቲክ ብሎኮች ተደርድረዋል። ተራ ፕላስቲክ አይደለም፣ ሲንቲሌተር ይባላል። ቻርጅ ያለው ነገር ሲያልፍበት ለቅጽበት ብልጭ ይላል። ብልጭታው በበረታ ቁጥር የተተወው ጉልበት ብዙ ነው። ፕሮቶኑ ስንተኛው ብሎክ ውስጥ እንደቆመ፣ እዚያም ምን ያህል ብልጭታ እንዳስነሳ ታይቶ የቀረው ጉልበት ይሰላል።

ሌላ መንገድ የያዙት ኖርዌይ፣ በርገን ያሉት ተመራማሪዎች ናቸው። የወሰዱት ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ለሚገኘው አሊስ ለተባለው ሙከራ የተሠራ አልፒዴ የሚባል ቺፕ ነው። ቺፑ 3 ሴንቲሜትር በ1.5 ሴንቲሜትር ነው፣ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ፒክስል (ፕሮቶን ሲያልፍበት የሚመዘግብ ጥቃቅን ነጥብ) ግን አለው። ከ40 በላይ ድርድር ቺፕ በመሐሉ አሉሚኒየም እየገባ ይነባበራል። ፕሮቶኑ በየድርድሩ ነጥብ እየጣለ ይሄድና የሆነ ቦታ ይቆማል። የቆመበት ድርድር ሲታወቅ ጉልበቱ ታወቀ። የዚህ ጥቅሙ ፒክስሉ ጥቃቅን ስለሆነ ብዙ ፕሮቶን አንዴ ቢመጣም የአንዱን ዱካ ከሌላው መለየት መቻሉ ነው። እኔ በግሌ ይሄኛው ደስ ይለኛል። የአጽናፈ ዓለሙን መጀመሪያ ለመመርመር የተሠራ ዕቃ ለካንሰር ታማሚ ሲውል ማየት ደስ አይልም?

ቀላል መንገድም አለ። ፕሮቶኖቹን አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ የሁሉንም ድምር በስክሪንና በካሜራ ማንሳት። ርካሽና ፈጣን ነው፣ ሥዕሉ ግን ይደበዝዛል።

ስንት ፕሮቶን ያስፈልጋል?

ብዙ። ያውም በጣም ብዙ። እኩል ጉልበት ይዘው እኩል መንገድ የሄዱ ሁለት ፕሮቶኖች እንኳ እኩል ቦታ አይቆሙም። ልዩነቱ ከሄዱበት ርቀት 1 በመቶ ገደማ ነው፣ 26 ሴንቲሜትር ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል መሆኑ ነው። ይህ የመሣሪያ ጉድለት አይደለም፣ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። የሚሻለው አማካይ መውሰድ ነው። 100 ፕሮቶን ከተለካ የ3 ሚሊሜትሩ ብዥታ ወደ 0.3 ይወርዳል። በዚያ ላይ አንዳንዱ ፕሮቶን መንገድ ላይ ከአቶም እምብርት ጋር ፊት ለፊት ይላተማል። በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 1 በመቶ ያህሉ እንዲህ ይጠፋል። የላተሙት ሒሳቡን እንዳያበላሹ ተለይተው ይጣላሉ።

ስለዚህ ለአንድ ጭንቅላት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፕሮቶን ያስፈልጋል። የሎማ ሊንዳው መሣሪያ በሰከንድ ወደ 1 ሚሊዮን ፕሮቶን ስለሚመዘግብ አንድ ሙሉ ስካን 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አሁን ይህን ከሕክምናው ጨረር ጋር አስተያዩት። 1 ናኖ አምፔር የሚባለው የጨረር መጠን በሰከንድ ከ6 ቢሊዮን በላይ ፕሮቶን ነው። ለሕክምና የተሠራ ማሽን ለሥዕል ሲሆን ጨረሩን በሺዎች እጥፍ መቀነስ አለበት፣ ካልሆነ ዲቴክተሩ ይጥለቀለቃል፣ አንዱን ፕሮቶን ከሌላው መለየት አይችልም። ማሽኑ ግን የተሠራው ብዙ ለመስጠት ነው፤ በጣም ትንሽ አድርጎ፣ ያውም ሳይቆራረጥ መስጠት ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ጨረሩስ ሰውየውን አይጎዳም?

ከሲቲ ስካን ያነሰ ነው። ሰውነት የሚቀበለው ጨረር የሚለካው በሚሊግሬይ ነው። የፕሮቶን ሲቲ ናሙናዎች የሚሰጡት መጠን ከ1 እስከ 2 ሚሊግሬይ አካባቢ ነው፣ የተለመደ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ግን በአሥሮች በሚቆጠር ሚሊግሬይ ነው። ፕሮቶኖቹ ሰውነቱን አልፈው ስለሚሄዱ የብራግ ጫፉ የሚያርፈው ዲቴክተሩ ውስጥ ነው።

ታዲያ ሆስፒታሎች ለምን የላቸውም?

እስካሁን የተለመደ የሆስፒታል ዕቃ አልሆነም። አንዱ ምክንያት ፍጥነት ነው፣ አይተነዋል። ሌላው ጉልበት ነው። ብዙዎቹ የሕክምና ማሽኖች የሚሰጡት እስከ 230 ወይም 250 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ጭንቅላትን ለማለፍ ይበቃል። የትልቅ ሰው ትከሻ ወይም ዳሌ በጎን በኩል ሲሆን ግን ፕሮቶኑ ውስጥ ሊቀር ይችላል። የሕፃናትና የጭንቅላት ሥዕል ቀድሞ የሚታሰበውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ተፎካካሪው ነው። ራጁን በሁለት የተለያየ ጉልበት የሚያነሳ ሲቲ ስካን አለ። ሁለት ልኬት ስላለው አጥንትና ሥጋን የተሻለ ይለያል፣ የ3.5 በመቶውንም ግምት ወደ 2 በመቶ አካባቢ ያወርደዋል። ከገበያ የሚገዛ ዕቃ ነው። የፕሮቶን ሲቲ ዒላማው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ግን አንድ ሆስፒታል ለዚያች ልዩነት ሲባል ገና በላቦራቶሪ ያለ ነገር ይግዛ ወይ? ክርክሩ አልተዘጋም። የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ታካሚው አልጋው ላይ በተኛበት በዚያው ጨረር ፈጣን የፕሮቶን ራጅ አንስቶ «ዕቅዳችን ከዛሬው ሰውነቱ ጋር ይገጥማል ወይ?» ብሎ ማረጋገጥ ከሙሉው ሲቲ ቀድሞ የሚገባ ይመስለኛል።

ታማሚ ይዤ ውጭ ልሄድ ነው፤ ይሄ ሁሉ እኔን ይመለከተኛል?

በቀጥታ አይመለከትም። «የፕሮቶን ሲቲ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «የለንም» ማለታቸው አይቀርም፣ ያ ደግሞ ማዕከሉን መጥፎ አያደርገውም። የሚጠቅሙ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ለዕቅዱ የምትጠቀሙት ሲቲ ባለ ሁለት ጉልበት ነው? ለዚህ ዕጢ የያዛችሁት መጠባበቂያ ስንት ሚሊሜትር ነው? በአጠገቡ ያለው ስስ አካል ምንድነው? በሕክምናው መሐል ድጋሚ ስካን ታነሳላችሁ? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ግን ታማሚው ኪሎ ሲቀንስ ወይም ዕጢው ሲያንስ ፕሮቶኑ የሚሄድበት መንገድ ይቀየራል፣ የሚቆምበትም ቦታ እንዲሁ።

ሁሉም ካንሰር ፕሮቶን እንደማያስፈልገውም ማወቅ ጥሩ ነው። ለብዙ ዕጢ የተለመደውን ጨረር የሚሰጠው ሊኒያር አክስለሬተር የሚባለው ማሽን ይበቃል፣ እሱ ደግሞ ዛሬ እዚሁ አዲስ አበባም አለ። ፕሮቶን ጎልቶ የሚጠቅመው በተለይ ለሕፃናትና ከስስ አካል አጠገብ ላለ ዕጢ ነው።

የሲቲ ስካኑን ነገር በተመለከተ፣ ፊልሙን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሲዲውንም ተቀበሉ። ፊልም ላይ ያለው ሥዕል ነው፣ ሲዲው ላይ ግን ቁጥሮቹ አሉ። እዚያ ሲደርሱ ለዕቅዱ ድጋሚ ስካን ማንሳታቸው አይቀርም፣ ያም ሆኖ የቀድሞው ዕጢው ምን ያህል እንደተቀየረ ለማየት ይፈለጋል።